ምጽዋትና ዋስትና

በኢትዮጵያ ገጠር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ካንዱ አጥር ፊት ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ ከውስጥ የሚጠብቀው መልስ «ቤት ለእንግዳ» የሚል ነው። የመሸበት የእግዜር እንግዳ መሆኑን ከተናገረ እግሩ ይታጠባል፤ ከተገኘው ይቀምሳል፤ ቁርበት ይነጠፍለታል። ከየት እንደ መጣና የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። ይህ ልማድ ስለ አገሪቱ ባህል በሚጻፈው ሁሉ እስኪሰለች ድረስ ተወድሷል። ተወዳሹ ልማድ ግን አንድ ወሰን አለው፤ ወሰኑም እምብዛም አይነገርም። የመሸበት እንግዳ መብት የአንድ ሌሊት መብት ነው። ሲነጋ መርቆ ይሄዳል፤ የሚሄድበት አለውና። ዛሬ አሳዳሪ የሆነው ገበሬ ነገ ራሱ መንገደኛ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱ ሳይነጋገሩ የተዋዋሉት ውል አለ ማለት ነው። ማታ ማታ ሁሉ የሚመሽበት፣ ሲነጋም የሚሄድበት የሌለው ሰው ደጃፍ ቢቆም ምን እንደሚገባው ግን ይህ ውል አይናገርም።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ጥያቄው በየምሽቱ ይነሣል። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ወደ አዲስ አበባ ሲዘልቅ ያለፈባት አቃቂ የፋብሪካ ሠፈር ሆና ያደገች ናት። በአንድ ወቅት ኢንዶ-ኢትዮጵያ ይባል የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከእርሱም በኋላ የተከተሉት የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች ከየክፍለ ሀገሩ የመጣውን ወጣት ተቀብለው ወዛደር አድርገውታል። የዚያ ዘመን ኑሮ ምቹ ነበር ማለት አይደለም፤ ደመወዙ አነስተኛ፣ የሥራው ሰዓት ረጅም ነበር። ነገር ግን የፋብሪካው በር የመጣውን ሰው ስሙን ጠይቆ በመዝገብ ያሰፍረው ነበር። ስሙ የተመዘገበ ሰው ከሥራ ጓደኛው ጋር ቤት ይከራያል፤ ዕቁብ ይጥላል፤ ውሎ አድሮም ዕድር ይገባል።

ዛሬ ወደዚያው አካባቢ የሚመጣው ወጣት የሚያጋጥመው ሌላ ነው። ከደቡብ የሚመጣው አውቶቡስ ቃሊቲ መናኸሪያ ያራግፈዋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የደቡብ መጨረሻ ጣቢያው ቃሊቲ ነው። በቃሊቲ ጉምሩክ ዙሪያ የጭነት መኪኖች ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ መጋዘኖችና መንገዶች ትናንት ጤፍ ይበቅልበት በነበረ መሬት ላይ ተነሥተዋል። ሥራ አለ፤ የቀን ሥራ ነው። ሲሚንቶ መሸከም፣ አሸዋ መንፋት፣ ጭነት ማውረድ የሚችል ክንድ ጧት ይፈለጋል፤ ማታ ሒሳቡ ተከፍሎት ይሰናበታል። ፋብሪካው ስም ይመዘግብ ነበር፤ የቀን ሥራ ግን ክንድ ይቆጥራል። ቀኑን ሙሉ ለሌላው ሰው ቤት ብሎኬት ሲያቀብል የዋለ የ19 ዓመት ወጣት ሌሊቱን ካላለቀ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ከቆመ የጭነት መኪና ጎን ወይም ከድልድይ በታች ካርቶን አንጥፎ ማዳበሪያ ለብሶ ሲያድር ይገኛል። በክረምት ደግሞ የአቃቂ ወንዝ ሲሞላ ድልድዩም መጠለያ መሆኑ ይቀራል።

ለእንዲህ ያለው ወጣት መጠለያ መሥራት፣ መጠለያውንም በገንዘብና በበጎ ፈቃድ ጉልበት መደገፍ መልካም ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። አከራካሪው ይህ ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው የሚለው ነው። ምጽዋት ነውን? ምጽዋት ከሆነ ሰጪው ሲወድ ይሰጣል፤ ሲወድ ይተዋል። ዕዳ ነውን? ዕዳ ከሆነ ባለ ዕዳው ማነው? ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ነገር ከሆነስ ስሙ ማን ይባላል?

አስቀድሞ የሚያጋጥመው ተቃውሞ ሁሉም የሚያውቀው ነው፦ «ጉልበት እያለው!» በየደጀ ሰላሙ የሚቀመጡት ምጽዋት ጠያቂዎች ያልተጻፈ ተራ አላቸው። ዓይነ ስውሩ፣ አረጋዊቷ፣ ሕፃን ያዘለችው እናት ከመንገዱ ዳር ናቸው፤ ሳንቲሙም ወደ እነርሱ ይወረወራል። ጎረምሳው ከመካከላቸው ቢቀመጥ ከሰጪው ብቻ ሳይሆን ከተቀማጮቹም ይገሠጻል። ለድሃ የሚራራው ልብ ድሃው አቅመ ቢስ መሆኑን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ሕፃን በመሆኑ ይታዘንለት የነበረ ልጅ ጢም ሲያቀነቅን እዚያው ጎዳና ላይ፣ በዚያው ርሃብ ውስጥ እንዳለ «ዱርዬ» ይባላል። ረሃቡ ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ሕጉም ከዚህ ዓይን ብዙ አይርቅም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰ የሚለው 18 ዓመት ያልሞላውን ነው፤ ስለዚህ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ኃላፊነት በመርሕ ደረጃ እዚያ ላይ ያበቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወጣቶች ፖሊሲ ደግሞ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በዚያው በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ለመሥራት አቅም ያለውንና የሚታይ መተዳደሪያ የሌለውን ሰው፣ አዋጁ ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች በአንዱ ከተገኘ፣ ተጠያቂ ያደርገዋል። ሦስቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ የ18 ዓመት ልጅ በአንድ የልደት ቀን ውስጥ ከሚጠበቅ ሕፃንነት ወደሚጠረጠር ጎልማሳነት ሊሻገር እንደሚችል ይረዳል። ልደቱን የሚያከብርለት ቤተሰብ ያለው ወጣት ይህ መሻገሪያ መኖሩን እንኳ አያውቀውም፤ 25 ዓመት እስኪሞላው በእናቱ ሞሰብ ቢበላ የሚነቅፈው የለምና።

«ጉልበት እያለው» የሚለው ተቃውሞ ጥንታዊ የሥነ ምግባር ሕግ ነው እንዳይባል ደግሞ የአገሪቱ ታሪክ ራሱ ምስክር ይቆምበታል። የቆሎ ተማሪው ማን ነበር? አኩፋዳውን አንግቶ፣ የበግ ለምዱን ደርቦ፣ ውሻ መመከቻ ዱላውን ይዞ በየመንደሩ የሚዞረው ተማሪ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ጤነኛ ወጣት ነው። ከቤቱ የወጣው ወላጆቹ መርቀው ሸኝተውት ብቻ አይደለም፤ በሌሊት ኮብልሎ የሄደው ብዙ ነው። የሚያድረው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ራሱ ባቆማት ደሳሳ ጎጆ ነው። የሚበላው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ነው። ዕድሜው 15 ሊሆን ይችላል፤ 25ም ሊሆን ይችላል፤ ድጓና ቅኔ በቶሎ አያልቁምና። ቤት የለሽ፣ ሥራ አጥ፣ ለማኝ ወጣት ማለት እንግዲህ እርሱ ነበር። በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች ቁርዓን ለመቅራት ከሼኽ ወደ ሼኽ ይዘዋወር የነበረው ደረሳም ኑሮው ከዚህ የራቀ አልነበረም። ይሁን እንጂ የቆሎ ተማሪውን «ጉልበት እያለህ ለምን ትለምናለህ» ያለው ባላገር ብዙ አይደለም። ባላገሩ ሀብታም ስለነበረ አይደለም፤ ከተማሪው የተሻለ የሚበላ ላይሆን ይችላል። ሩኅሩኅ ስለነበረ ብቻም አይደለም፤ ተማሪው ከውሻ ጋር ሲታገል ከቤት ወጥቶ ውሻውን የማይከለክል ባላገር እንደነበረ የቀድሞ ተማሪዎች እየሳቁ ያወራሉ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ተማሪው የሚጠራበት ሰው ነበረው። «የእነ የኔታ እገሌ ተማሪ» ከተባለ በቂ ነው፤ ቢሰርቅ፣ ቢሰክር፣ ቢጣላ ክሱ የሚቀርበው ከየኔታ ዘንድ ነው። ሁለተኛው፣ ተማሪው ይጠበቅ ነበር። ዛሬ ቁራሽ የሚለምነው ልጅ ነገ መሪጌታ፣ ቄስ፣ የቅኔ መምህር ሆኖ እንደሚመጣ መንደሩ ያስባል። ስለዚህ የተሰጠችው ቁራሽ ለተማሪው ነገ የተሰጠች ብድር ናት እንጂ ላለፈ ዕድሉ የተጣለች ማጽናኛ አይደለችም። ሥርዓቱ ጉድለት አልነበረበትም ለማለት አይቻልም፤ ለሴት ልጅ በሩ ከሞላ ጎደል ዝግ ነበር፤ በእከክና በተስቦ ያለቀው ተማሪም ቀላል አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ያሳያል። ኅብረተሰቡ ጉልበት ያለውን ወጣት ማብላት አላስጠላውም። የሚያስጠላው ዋስ የሌለውንና የማይጠበቀውን ወጣት ማብላት ነው።

ዋስ የሚለው ቃል እዚህ ላይ በምሳሌነት ብቻ የገባ አይደለም። በአቃቂ ቃሊቲ ጎዳና ላይ ለሚያድር ወጣት ከሁሉ የጠነከረው ግድግዳ ይኸው ቃል ነው። አንድ ወጣት የቀን ሥራ ሰልችቶት ቋሚ ሥራ ቢፈልግ፣ የጥበቃ ሥራ ይሁን የመጋዘን ወይም የሆቴል መስተንግዶ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው መታወቂያና ዋስ ነው። መታወቂያ ለማውጣት የቤት ቁጥር ያስፈልጋል፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ ከሆነም መሸኛ ይጠየቃል። መሸኛውን የሚያመጣው ጥሎት ከመጣው ቀበሌ ነው፤ ጥሎት የመጣበት ምክንያት ግን የእንጀራ አባት ዱላ፣ የመሬት ጥበት ወይም ጦርነት ሊሆን ይችላል። የቤት ቁጥር ለማግኘት ቤት መከራየት አለበት፤ ለመከራየት ቋሚ ገቢ ያሻዋል፤ ቋሚ ገቢ ለማግኘት ደግሞ መታወቂያና ዋስ። ክቡ እዚህ ላይ ይዘጋል። ወጣቱ ውስጡ ሆኖ ቢዞር ቢዞር በር አያገኝም፤ ከውጭ የቆመ ሰው ግን «ለምን አይሠራም?» ይላል።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር አማካይነት እንዲመዘገብ መንገድ መክፈቱ ከዚህ አንጻር ትልቅ ቁም ነገር ነው። ሕጉ አንድ ሰው በሌላ ሰው ቃል ሊታወቅ እንደሚችል ተቀብሏል። የሚቀረው ቃሉን የሚሰጠው ሰው ነው።

እንግዲህ መጠለያ ምን እንደ ሆነ ከዚህ በኋላ በትክክል ሊታይ ይችላል። መጠለያ አልጋና ሾርባ ብቻ የሚመስለው ሰው የመጠለያን ግማሽ አላየም። መጠለያ አድራሻ ነው። «የት ትኖራለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ከመጠለያው ኃላፊ የተጻፈች አንዲት ደብዳቤ፣ ይህ ወጣት 6 ወር ከእኛ ጋር ኖሯል፣ እናውቀዋለን የምትል ደብዳቤ፣ ከብዙ ብርድ ልብስ ትበልጣለች። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈላስፋ ማይሞኒደስ ልግስናን በ8 ደረጃዎች ከፍሎ ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው በስውር መስጠትን አይደለም፤ የሚወድቀውን ሰው በብድር፣ በሽርክና ወይም በሥራ እጁን ይዞ ማቆምን ነው። በአማርኛ ለዚህ ደረጃ ስም መፈለግ ካስፈለገ ዋስትና የሚለው ይበቃዋል። ምጽዋት ሰጪ ካለው ያካፍላል፤ ዋስ ግን ለሌላው ሰው ነገ በራሱ ስም ይፈርማል። ምጽዋት ሰጪ በሰጠበት ሰዓት ከጉዳዩ ይወጣል፤ ዋስ በፈረመበት ሰዓት ወደ ጉዳዩ ይገባል።

የአዲስ አበባ ሕዝብ ለጋስ አይደለም ማለት ሐሰት ነው። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያሰባሰበው ድጋፍ ይህን ያረጋግጣል፤ ልደቱን፣ ሠርጉን፣ የወላጁን ሙት ዓመት ከአረጋውያኑ ጋር ማዕድ ቆርሶ የሚያከብረው ቤተሰብ ብዙ ነው። ልማዱ ያማረ ነው። ዳሩ ግን ተመሳሳዩ ልግስና ለወጣቶች መጠለያ ሲታሰብ ሁለት ጉድለት ይታይበታል። የመጀመሪያው የቀን መቁጠሪያ ጉድለት ነው። ስጦታ በሰጪው የቀን መቁጠሪያ ይመጣል፤ በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካ፣ በረመዳን። ረሃብና ብርድ ግን የራሳቸው የቀን መቁጠሪያ አላቸው። ለፋሲካ ሦስት በግ የታረደበት ቤት በሐምሌ አጋማሽ፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊት በሚወርድበት አንድ ማክሰኞ፣ የሻይ ስኳር ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛው ጉድለት ስጦታው ሊታይ የሚችል መሆን አለበት የሚለው ፍላጎት ነው። በግ ይታያል፤ ልብስ ይታያል፤ ፎቶግራፍም ያምርበታል። የሌሊት ጥበቃው ደመወዝ፣ የመብራት ሒሳብ፣ የፍሳሽ ማስመጠጫ፣ የእከክ መድኃኒት አይታዩም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ መወሰኑ ከብክነት ለመከላከል ነው፤ ዓላማው ተገቢ ነው። ነገር ግን በብዙ ለጋስ አእምሮ ውስጥ የተቀመጠው ጣሪያ ዜሮ ነው። «የእኔ ብር ለድሃው በቀጥታ ይድረስ» ይላል። የ20 ዓመት ጎረምሶች ተሰብስበው በሚያድሩበት ቤት ሌሊቱን ነቅቶ የሚያድር፣ ጠብ የሚያበርድ፣ ማስቲሽ የሚስበውን ከሚተኛው የሚለይ ጠንካራ ሰው ካልተቀጠረ ግን ብሩ ለድሃው በቀጥታ የሚያደርሰው ጉዳትን ሊሆን ይችላል።

ስለ ምግብ ኩፖን የሚነሣው ክርክርም ከዚሁ የሚመዘዝ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚሠራው ሆፕ ኢንተርፕራይዝስ አላፊ አግዳሚው ኩፖን ገዝቶ በሳንቲም ፋንታ ለጎዳና አዳሪው እንዲሰጥ አድርጓል፤ የተቀበለውም በኩፖኑ ትኩስ ምግብ ይበላል። ኩፖን «ብሬ ለጫት ይውላል» የሚለውን ሰጪ ሰበብ ያሳጣዋል፤ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም፤ በልቶ ማደሩም እርግጥ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ኩፖን «እህል እሰጥሃለሁ፤ ብር ግን አላምንህም» የሚል ድምፅ አለው፤ ወጣቱ ድምፁን ይሰማዋል። ለአረጋዊ ድምፁ ብዙ ላይከብድ ይችላል። በክንዱ የሚኮራ የ20 ዓመት ልጅ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታመን የሚገባው በዚያ ዕድሜው ነው። ኩፖን እንደ መግቢያ በር መልካም ነው፤ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በበሩ ላይ እንዲቆም ከተደረገ ግን በርነቱ ይቀራል።

በጎ ፈቃደኛውም እንደ ለጋሹ ሊመረመር ይገባዋል። በክረምት የበጎ ፈቃድ ዘመቻ የሚወጣው ተማሪ ጉልበቱ የሚደነቅ ነው፤ ጣራ ይከድናል፤ ደም ይለግሳል። ጣራ ግን ከከደኑት በኋላ «የት ሄድክ?» አይልም። ጎዳና ላይ ያደገ ወጣት በሕይወቱ ብዙ ሰው መጥቶ ሲሄድ አይቷል፤ ከእነርሱ መካከል አንዱ መሆን ደግነት ላይሆን ይችላል። ሁለት ወር ፊደል አስቆጥሮ፣ አቅፎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የተሰወረ መምህር ለወጣቱ ያስተማረው ሰዎች የሚሄዱ መሆናቸውን ነው። ዓመቱን ሙሉ በየሐሙሱ ለአንድ ሰዓት የሚመጣ፣ ፀጉር የሚቆርጥ ወይም ሒሳብ የሚያስተምር፣ ምናልባትም ምንም ሳያስተምር ካርታ ተጫውቶ የሚሄድ ሰው ከዘማቹ ይበልጣል። ዋስ ማለት በሚጠበቅበት ቀን የሚገኝ ማለት ነውና።

ይህን ሁሉ ኃላፊነት ግለሰብ ከሚሸከመው መንግሥት ቢሸከመው አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ታሪኩም አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአላጌ የተቋቋመው የሕፃናት አምባ በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን ሰብስቦ መንግሥት አባት የሆነበት ቦታ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ መኝታና የደንብ ልብስ ነበራቸው። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ አምባው ፈረሰ፤ ቦታውም ከጊዜ በኋላ የግብርና ማሠልጠኛ ሆነ። የአንድ አባት ልጆች ተብለው ያደጉት ወጣቶች አባታቸው በአንድ የግንቦት ወር ሲወድቅ አዩ። ያን ቀን የተገለጠው የመንግሥት ዋስትና ክፉ መሆኑ አይደለም። ዋሱ አንድ ብቻ ከሆነ ከእርሱ ጋር ሁሉም እንደሚወድቅ ነው። ለዚህም ይሆናል የአምባው ልጆች ዛሬም እርስ በርሳቸው እንደ ወንድምና እኅት የሚፈላለጉት፤ የቀረላቸው ዋስ አንዳቸው ለሌላው ነው።

ከዚያ በኋላም ሙከራው አልተቋረጠም። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው ማኅበራዊ ትረስት ፈንድ የከተማውን ነዋሪ መዋጮ አሰባስቦ ጎዳና ላይ ያሉትን ለማንሣት የታሰበ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው «ለነገዋ» የተባለው የሴቶች የተሃድሶና የክህሎት ማበልጸጊያ ማዕከል በጎዳናና በወሲብ ንግድ ሕይወት ውስጥ ያለፉ ሴቶችን ተቀብሎ ሙያ ያስተምራል። የእነዚህ ሥራዎች መለኪያ ስንት ሰው ተነሣ የሚለው ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አፈሳና ተሃድሶ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም መኪና ይመጣል፤ በሁለቱም ጎዳናው ይጸዳል። የሚለያዩት አንዱ ለአላፊ አግዳሚው ዓይን፣ ሌላው እዚያ ለተኛው ሰው ሲባል የሚደረግ በመሆኑ ነው። ልዩነቱን ከማንም በፊት የሚያውቀው ደግሞ የተኛው ነው።

መጀመሪያ ምን ይቅደም የሚለውም ገና ያልተቋጨ ክርክር ነው። በብዙ መጠለያ ሕጉ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ሱስ ተው፣ መጀመሪያ ሠልጥን፣ ከዚያ አልጋ ታገኛለህ። ፊንላንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ ተራውን ገልብጣ ቤቱን አስቀደመች፤ ብዙዎቹን የጋራ ማደሪያዎች የኪራይ ውል ወዳላቸው መኖሪያዎች ለወጠች፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም የቤት አልባዎቿ ቁጥር በብዙ ቀነሰ። ይህን እንዳለ ወደ ቃሊቲ ማምጣት አይቻልም፤ ለባለ ደመወዙ እንኳ ቤት በጠፋበት ከተማ ለእያንዳንዱ ጎዳና አዳሪ መኖሪያ ይሰጠው ማለት ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ሊገለበጥ የሚችለው ተራው ነው እንጂ የቤቱ ዓይነት አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ጫማውን እንዳይሰርቁት ነቅቶ ያደረ ልጅ ጧት ማስቲሽ ተው ሲባል የሚተውበት አቅም የለውም፤ ማስቲሹ እኮ ብርዱንና ፍርሃቱን ማለፊያው ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ ሊጠግብ ይገባዋል።

ኪነ ጥበብ በዚህ ጉዳይ ንጹሕ እጅ አላት ማለት ያስቸግራል። የጎዳና ወጣት በተውኔትና በፊልም የሚታየው ወይ እንደ ሌባ ወይ እንደ መልአክ ነው። ሌባው ያስፈራል፤ መልአኩ ያስለቅሳል፤ ከሁለቱ ጋር አብሮ መሥራት ግን አይቻልም። አንድ የተለየ ምሳሌ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የውዝዋዜ አቀናባሪው ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ ከጎዳና የመጡ ልጆችን ይዞ አንድ ትልቅ ትርኢት አቀረበ። ነገሩ እዚያ ቢቆም የአንድ ምሽት ጭብጨባ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን ከልጆቹ መካከል የተመረጡት ለ5 ዓመት ሠልጥነው አዱኛ የተባለው የማኅበረሰብ የውዝዋዜ ቡድን ሆኑ፤ ከአካል ጉዳተኞች ጋር ሠሩ፤ ሌሎችን አስተማሩ። የ5 ዓመት ሥልጠና ማለት በየቀኑ አንድ ሰው «ትናንት ለምን ቀረህ?» ብሎ ይጠይቃል ማለት ነው። መድረኩ ላይ የታየው ውዝዋዜ ያማረ እንደ ነበር ይነገራል፤ ከውዝዋዜው በስተጀርባ የነበረው ግን የቀሪ መዝገብ ነው።

ከመንግሥትም ከግለሰብም የተለየ አንድ ዋስ በአቃቂ ቃሊቲ በየመንደሩ አለ፤ ዕድር ነው። ዕድር የሚመዘግበው በቤት ነው፤ ወርኃዊ መዋጮ ይቀበላል፤ ሞት ሲመጣ ድንኳን ይተክላል፤ ለቀብር ያልወጣውን ይቀጣል። ጎዳና ላይ የሚያድር ወጣት ሲሞት ድንኳን የለውም። ማዘጋጃ ቤት ይቀብረዋል፤ ስሙን የሚያውቁት አብረውት ያድሩ የነበሩት ልጆች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የተቀበረበትን ላያውቁ ይችላሉ። 15 ወጣት የሚያድርበት አንድ መጠለያ በሠፈሩ ዕድር እንደ አንድ ቤት ቢመዘገብስ? መዋጮውን ከቀን ሥራቸው ያወጣሉ። ድንኳን ለመትከል፣ አግዳሚ ወንበር ለመሸከም፣ በሌሊት ሬሣ ለመጠበቅ እንደ እነርሱ ያለ ጉልበት ሠፈሩ አያገኝም። ዛሬ «ጉልበት እያለው» ተብሎ የሚነቀፍበት ያ ጉልበት በሐዘን ቤት ደጃፍ ይፈለጋል። የሠፈሩ እናት ሞታ ጉድጓድ ሲቆፍር ያደረን ልጅ በማግሥቱ «ዱርዬ» ብሎ መጥራት ለአፍም ይከብዳል።

ሐሳቡ ለዕድር ሽማግሌዎች ቢቀርብ መጀመሪያ የሚነሣውን ጥያቄ ከወዲሁ መገመት ይቻላል። መዋጮው ቢቋረጥ፣ ልጆቹ ቢበታተኑ፣ ዕቃ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የዕድሩ ንብረት የመበለቶች መዋጮ ነውና በቀላሉ አይታለፍም። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ የቤቱን ስም ይጽፋል፤ ከዚያም ብዕሩን እንደያዘ ቀና ብሎ ከተሰበሰቡት መካከል በዋስነት የሚፈርም ሰው እንዳለ ይጠይቃል።